ከዘበኛው በርጩማ የማይታየው በር

ጥቅምት 9

እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጥበቃዎቹ ጋ ሦስት ቀን ተኝቶ ስለቆየ የመልሴን መዘግየት በእኔ አትቁጠሪው። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሹራቡንም እለብሳለሁ። የጠየቅሽኝን ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ መለስኩልሽ፤ አሁን የራሴን ላውራ።

ያለሁት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የድርጅቱ ግቢ ውስጥ ነው። ሃያ ስድስት ሰዎች ነን። የምንሠራው የኮምፒውተር ጨዋታ፣ ጌሙ፣ እስኪያልቅ ማንም ከግቢው አይወጣም የሚል ውል ፈርመናል፤ ሌላ ድርጅት ሐሳባችንን እንዳይሰርቀን ነው አሉ። ስልካችንን ተቀብለው መግቢያው ላይ ባለ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። ለእኔና ለአንቺ ይሄ ብዙም አልጎዳንም። ጆሮሽ ከታመመ ወዲህ ስልክ ላይ ስጮህ ከአንቺ በፊት ጎረቤትሽ ይሰማኝ ነበር። የሚያስጨንቀኝ የመኝታ ክፍሌ መስኮት ነው፤ አይከፈትም። ለምን ብዬ ብጠይቅ "አየር ማቀዝቀዣ አለልህ" ተባልኩ።

"ሰው ያየውን ድራማ ተመልሶ የሚጫወተው ምን ሆኖ ነው?" ላልሽው ላስረዳሽ። ድራማው ላይ መርማሪዋ፣ ማለትም አንቺን ሆና የምትተውነው ሴትዮ፣ ወንጀለኛውን ስትይዝ ሰው ቁጭ ብሎ ያያል። ጌሙ ላይ ግን መርማሪው ተጫዋቹ ራሱ ነው። ቤቱ ውስጥ እንዳሻው ይዘዋወራል፣ መሳቢያ ይከፍታል፣ ምስክር ያናግራል፣ የፈለገበት ቦታ ይቆማል። በመጨረሻ ከአምስት ተጠርጣሪዎች አንዱን ይከሳል። ትክክለኛውን ሰው ከከሰሰ ወደሚቀጥለው ጉዳይ ያልፋል፣ ከተሳሳተ ከመጀመሪያው ይጀምራል። የእኔ ሥራ ማስረጃውን በየቦታው መበተን ነው፤ ሳይከብድም ሳይቀልም።

የመጀመሪያው ምዕራፍ የማተሚያ ቤቱ ጉዳይ ሆኗል። ስም ያወጣሽበት ጉዳይ ነው፣ ድራማውም ላይ ሰው ሁሉ የሚወደው ክፍል። ባለቤቱ በምሳ ሰዓት ከወረቀት መጋዘኑ ደረጃ ሥር ሞቶ የተገኘበት፣ ያን ቀን ጠዋት ከእሱ ጋር የተጣላው መጽሐፍ ጠራዥ በዘበኛው ምስክርነት የተያዘበት። አለቃችን "ሁሉም ነገር ልክ እንደ እውነተኛው ይሁን" ስላለ፣ ከድሮ ፋይሎችሽ ጋር በካርቶን የላክሽልኝን የቤቱን ንድፍና ፎቶግራፎች ለቤት ሠሪዋ ሰጥቻታለሁ። ቤቶቹን በኮምፒውተር የምትገነባልን ልጅ ስለሆነች ነው እንዲህ የምንላት። አለቃችንን ደግሞ ቶሎቶሎ እንለዋለን፤ ከዚህ ቃል ሌላ ከአፉ አይወጣም።

አንቺ ግን ቅር አይልሽም? ሳላስፈቅድሽ መጀመሬ ቆጭቶኛል። ጠራዡስ ምን ዓይነት ሰው ነበር? ስለ ምንም ቢሆን ጻፊልኝ።

ማሙሽ
(ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ በሌላ ስም ብፈርም ግን ደብዳቤውን የምትመልሺው ይመስለኛል)

ጥቅምት 21

ማሙሽ፣

ደህና ነኝ። እግሬን አትጠይቀኝ። ጀሶው ተፈቷል፣ አጥንቱ ግን እንደኔው ግትር ነው። ሊፍቱ ከቆመ አራት ወር ሊሞላው ነው። የሕንፃው ኃላፊ "መለዋወጫ ታዟል" ይላል፤ እኔ ሰው ስመረምር እንዲህ ዓይኑን ሳይሰብር የሚዋሽ ገጥሞኝ አያውቅም። እንግዲህ አራተኛ ፎቅ ላይ ተሰቅዬ ቀርቻለሁ። ደብዳቤህን የምታመጣልኝ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ልብስ ሰፊ ናት። ቀኑን በመስኮት መንገዱን ሳይ እውላለሁ። ማን ስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ጨርሼ አውቄዋለሁ። የሙያ ልክፍት ነው፤ ጡረታ አያስለቅቅም።

ምን ቅር ይለኛል። ሴትዮዋ እኔን ሆና ስንት ዓመት ስትሮጥ አይቻት የለ? እኔ በዕድሜዬ ያን ያህል ሮጬ አላውቅም፣ ያውም በዚያ ጫማ።

ጠራዡ ረጅም አልነበረም። ጣቶቹ ላይ የደረቀ ሙጫ አይጠፋም። ሌላ የማስታውሰው የለኝም።

ምክሬን ከሰማህ ሁለተኛውን ጉዳይ አስቀድሙት፣ የጌጣጌጥ ቤቱን። እሱ ማሳደድ አለበት፣ መኪና አለበት፣ ሰው ጣራ ላይ ይወጣል። ማተሚያ ቤቱ ለጨዋታ አይሆንም። ደብዛዛ ቤት ነው፣ ሰው ይሰለቸዋል። ለአለቃህ እንዲህ አለች በለው።

ሹራቡን አልለበስከውም። አውቃለሁ።

እትዬ

ኅዳር 4

እትዬ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። የጌጣጌጥ ቤቱን ነገር ለቶሎቶሎ ነግሬው ነበር። "ማተሚያ ቤቱ ተጀምሯል፣ ቶሎ ቶሎ" ብሎኝ ሄደ።

ማተሚያ ቤቱ ተሠርቶ አልቋል። ብታዪው ታለቅሻለሽ። መሬቱ ላይ የወዳደቀ ቁርጥራጭ ወረቀት፣ የጠራዡ ጠረጴዛ፣ ያ ትልቁ የወረቀት መቁረጫ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቆመ ሰዓት፤ ፎቶው ላይ ያለው ሁሉ አለ። እኔ ከዚህ ግቢ መውጣት ስለማልችል ቀኑን እዚያ ቤት ውስጥ ስዘዋወር ነው የምውለው። ሁለት ቤት ውስጥ ታስሬያለሁ ብልሽ ይሻላል።

አሁን ወደ ችግሬ ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ጌሙን የሚሞክሩ አሥራ አንድ ሰዎች ከውጭ መጡ፤ ድራማውን ጨርሶ ያላዩ። ከአሥራ አንዱ ጠራዡን የከሰሰ አንድ ሰው የለም። ሰባቱ ዘበኛውን ከሰሱ። አራቱ ደግሞ "ማንም አልገደለውም፣ ከደረጃው ወድቆ ነው" አሉ። እንዲህ የሚል ምርጫ ጌሙ ውስጥ የለም፤ ወረቀት ጠይቀው ነው የጻፉት።

ምን እንዳሳሳታቸው ጠየቅናቸው። አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ፤ ጌም ነክተው የማያውቁ። "ዘበኛው እኮ በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ ጠራዡ በጓሮ በር ሲወጣ አየሁት ይላል" አሉ። "ሄጄ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። የጓሮው በር ከዚያ አይታይም።"

እሳቸው ከሄዱ በኋላ እኔም ሄጄ ተቀመጥኩ፣ በጌሙ ማለቴ ነው። በርጩማው ከፊት በሩ አጠገብ ነው። ከእሱና ከጓሮው በር መካከል የመጋዘኑ ግድግዳ አለ። አንገቴን አዞርኩ፣ ተነሣሁ፣ ጎንበስ አልኩ። ግድግዳ ነው። ድራማው ላይ ካሜራው መጀመሪያ ዘበኛውን ያሳየናል፣ ቀጥሎ በሩን ያሳየናል፤ በመካከላቸው ምን እንዳለ የጠየቀ ሰው የለም። እኔም አርባ ጊዜ ሳየው አልጠየቅኩም።

ቤት ሠሪዋ ንድፉን ሦስት ጊዜ ለካችው፣ ስህተት የለውም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ በርጩማው እውነት ፎቶው ላይ ያለበት ቦታ ነበር ወይስ ፎቶ አንሺው ገፋ አድርጎት ይሆን? ቶሎቶሎ "ግድግዳውን አንሡትና ገላግሉን" ይላል። ከእህቴ ሳልሰማ አላነሣም ብዬዋለሁ።

ማሙሽ

ኅዳር 15

ማሙሽ፣

ልብስ ሰፊዋ ታማ ስለነበር ደብዳቤህ ታች ሰነበተ። አሁን ተሽሏታል። እኔም ደህና ነኝ። እዚህ ውሃ ሁለት ቀን ጠፍቶ መጥቷል። ፊት ለፊት ያለው ሱቅ በሩን ሰማያዊ ቀብቶታል፤ አያምርም።

ስለ በርጩማው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያለፈው ነገር ነው። ሰው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ አይውልም፤ ይነሣል፣ ይንቀሳቀሳል። ዘበኛው ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ምሎ፣ ሦስት ዳኞች ፊት ተናግሯል። አንተ በኮምፒውተር የሠራኸው ቤት ከእነሱ አይበልጥም።

አለቃህ ያለህን አድርግ። ግድግዳውን አንሣው። ጨዋታ ነው።

እትዬ

ኅዳር 28

እትዬ፣

ከዚህ በፊት የጻፍኩልሽን ደብዳቤ አንብበሽ መልሰሽ ስለላክሽልኝ አመሰግናለሁ። ቀድጄ ጥዬዋለሁ። እናታችን ስትሞት ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ያሳደገችኝን ሰው በዚያ ቃል መጥራት አልነበረብኝም። ለቃሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጠራዡ በሐሰት ታስሮ ይሆን ላልኩት ጥያቄ ግን ይቅርታ አልጠይቅም።

ግድግዳውን አንሥተነዋል። ቤት ሠሪዋ በአንድ አፍታ አነሣችው፤ አንዲት ቁልፍ ተጫነች፣ ጠፋ። አሁን ከበርጩማው ላይ በሩ ወለል ብሎ ይታያል። አሥራ አንዱን ሰዎች መልሰን ጠራናቸው። አሥሩ ጠራዡን ከሰሱ። ቶሎቶሎ አጨበጨበ፣ ሌሎቹም አጨበጨቡ፣ እኔም እጄን አነሣሁ፤ ግን ድምፅ አላወጣም።

አሥራ አንደኛዋ መምህርቷ ነበሩ። ጌሙ የሚነዳበትን ጆይስቲክ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና "ባለፈው እዚህ ግድግዳ ነበር። ምን አደረጋችሁት?" አሉኝ። ቦርሳቸውን አንሥተው "እንግዲህ እኔ ማንንም አልከስም" ብለው ወጡ። እሳቸው በሩን ከፍተው ሲወጡ አየሁ፤ እኔ መከተል የማልችለውን በር።

ከዚያ ወዲህ ሥራ እንቢ ብሎኛል። ለሁለት ቀን ብቻ ልውጣ ብዬ ብጠይቅ ውሉን አምጥተው የፈረምኩበትን ገጽ አሳዩኝ። ክፍሌ ገብቼ ጣራ ሳይ እውላለሁ።

ሌላ ምንም አልጠይቅሽም። ንድፉን ስትልኪልኝ አውቀሽ ነው ወይስ ረስተሽ? ያ ሰውስ በሕይወት አለ?

ማሙሽ

ታኅሣሥ 10

ማሙሽ፣

አለ። በሕይወት አለ። ዕድሜ ልክ ነው የተፈረደበት፤ ያለውም እዚያው አንተ ያለህበት ከተማ ማረሚያ ቤት ውስጥ ነው።

ቁጭ ብለህ አንብበው። እኔም ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው።

ያን ቀን ዘበኛው "አንድ ሰው በጓሮ በኩል ሲወጣ አየሁ" ነበር ያለኝ። "ጠራዡ ነው?" ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። እሱ እስከዚያ ድረስ ጠራዡን ባፉ አላነሣውም። "አዎ" አለ። አለቆቼ በሦስት ቀን ውስጥ ሰው እንዲያዝ ይፈልጉ ነበር፣ እኔም ለቦታው አዲስ ነበርኩ። ጠራዡ ደግሞ የዚያን ቀን ጠዋት ሠራተኛ ሁሉ እየሰማው ከባለቤቱ ጋር ተጣልቷል። መቁረጫው መከለያ የለውም፣ የሰው እጅ ይወስዳል፣ አሠራ ብሎ። ባለቤቱ እንቢ ሲለው "አንድ ቀን አንተኑ ይቆርጥሃል" አለው። እኔ ይህን ዛቻ ብዬ መዘገብኩት። ሁለት ቀን ሙሉ እንቅልፍ ነሥተን ጠየቅነው፤ በሁለተኛው ቀን ፈረመ። በነጋታው "እኔ አላደረግኩም" አለ፣ ጆሮ የሰጠው የለም። አስከሬኑን ያየው ሐኪም "ወድቆም ሊሆን ይችላል" ብሎ ጽፎ ነበር። ወረቀቱ መዝገቡ ውስጥ አለ። እንዲነበብ አላደረግኩም።

እስከዚህ ያለውን ስህተት ነው ልትለው ትችላለህ። እኔ አምኜ ነበር። ፍርዱ ሲነበብ እፎይ ብያለሁ።

በኋላ ግን ለሌላ ጉዳይ ወደዚያ ሰፈር ሄድኩና ደክሞኝ ማተሚያ ቤቱ ጎራ አልኩ። ዘበኛው አክብሮ በርጩማውን ለቀቀልኝ። ተቀመጥኩ። ቀና ስል ግድግዳ ነው። እኔ ግድግዳውን አያለሁ፣ እሱ ቆሞ እኔን ያያል። "ያን ቀን የት ነበርክ?" አልኩት። "ሻይ ልጠጣ ወጣ ብዬ ነበር" አለኝ። "በሩን ጥሎ ሄደ ተብዬ እንዳልባረር ፈርቼ ነው።" ተነሥቼ ወጣሁ። እሱም ከዚያ በኋላ ትንፍሽ አላለም፣ እኔም አላልኩም። ከስድስት ዓመት በፊት ሞቷል።

ሹመቴ ጸድቆ ነበር። ጋዜጣ ላይ ወጥቼ ነበር። አንተ ፎቶዬን ቆርጠህ ደብተርህ ላይ ለጥፈህ ትምህርት ቤት ሄደሃል። ነገ እናገራለሁ አልኩ። ሰው ነገ ማለት ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ከዚያ የድራማው ሰዎች መጡ። ጉዳዩን ስነግራቸው የነገርኳቸው ፋይሉ ላይ ያለውን ነው።

ድራማው በታየበት ዓመት ከማረሚያ ቤት ደብዳቤ ደረሰኝ። "አየሁሽ። ራሴንም አየሁ። እኔን ሆኖ የሚሠራው ሰው ከእኔ ይረዝማል፤ ሌላው ሁሉ አንቺ እንዳልሽው ነው" ይላል። ሌላ ቃል የለበትም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ንድፉን አውቄ ይሁን ረስቼ እንደላክሁት እኔም አላውቅም። ካርቶኑን ስዘጋ እጄ ላዩ ላይ ትንሽ ቆይቷል። የማውቀው ይህን ብቻ ነው።

ለማንም እንዳትናገር። ውል አለብህ፣ ኑሮህን ያበላሹብሃል። እኔ እንደሆነ ከዚህ ቤት መውረድ እንኳ የማልችል ሰው ነኝ።

እትዬ

ታኅሣሥ 18

እትዬ፣

ደብዳቤሽን አራት ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ልጠላሽ ሞከርኩ። እንዴት እንደሚጠላ የሚያውቅ ሰው ይኖራል፤ እኔን ግን የጫማዬን ማሰሪያ ማሰር ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ከየት ልጀምር?

ግድግዳውን መልሰነዋል። ቶሎቶሎ ገና አላወቀም። ሲያውቅ ጉድ ይፈላል።

ይህን ሁሉ ለእኔ የጻፍሽልኝ ለምን እንደሆነ ገብቶኛል፤ ቀለል እንዲልሽ ነው። እኔ ግን ዳኛ አይደለሁም እትዬ፣ ልፈታውም ልፈታሽም አልችልም። አልወርድም ያልሽው አራት ፎቅ ነው። ሰባ ሁለት ደረጃ ነው፤ ልጅ ሆኜ ቆጥሬዋለሁ። እሱ ያለበት ቤት ደረጃ የለውም።

ሹራቡን ለብሼዋለሁ። ብርድ ነው።

ማሙሽ

ጥር 2

ማሙሽ፣

ወርጃለሁ።

ልብስ ሰፊዋና ባሏ በወንበር ተሸክመው አወረዱኝ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲያርፉ ባልየው "ሐኪም ቤት ነው?" አለኝ። "አይደለም፣ ዐቃቤ ሕግ ጋ ነው" ስለው ሊከሰስ የሄደ ሰው ተሸክሜ አላውቅም ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ታች ስንደርስ መሳቄ ቆመ።

ዐቃቤ ሕጉ ወጣት ነው። ስሜን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሣ። እናቱ ድራማውን እንደምትወደው ነገረኝና ለእሷ እንድፈርምላት ወረቀት አቀረበልኝ። ፈረምኩለት። ከዚያ የመጣሁበትን ስነግረው መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ የሆነ ቀልድ መስሎት። ቀጥሎ ብዕሩን አስቀመጠ። በመጨረሻ ያንን የፈረምኩበትን ወረቀት አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ቃሌን ተቀበለ። ከዚህች ከተማ እንዳልወጣ ታዝዣለሁ፤ የእኔ ጉዳይ ለብቻው ይታያል።

አሁን የምልህን ልብ በል። ዘበኛው ሞቷል። ማተሚያ ቤቱም ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል፤ ድንጋይ የቀረው የለም። "ያለን የእርስዎ ቃልና አንድ ንድፍ ነው" አለኝ። "ንድፍ ደግሞ መስመር ነው፤ ዳኛ ቆሞ የሚያይበት ነገር ቢኖር ነበር።" አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ያ ቤት በዚህ ዓለም ላይ ያለው አንተ ጋ ብቻ ነው። ስምህን አልሰጠሁም። ልስጥ ወይስ አልስጥ?

ስንመለስ እንዴት እንዳወጡኝ አልነግርህም። ልብስ ሰፊዋ እስካሁን ወገቧን ትይዛለች።

እትዬ

ሚያዝያ 11

እትዬ፣

ሦስት ወር ከአጫጭር ወረቀት በቀር ስላልጻፍኩልሽ አትቀየሚኝ። ሁሉንም በቃሌ ይዤ አንድ ጊዜ ልጽፍልሽ ነበር። ችሎቱ ውስጥ ስላልነበርሽ ያየሁትን እንዳለ ልንገርሽ።

ስሜን ስጪ ባልኩሽ በሳምንቱ የዐቃቤ ሕጉ ደብዳቤ ግቢው ድረስ መጣ። ቶሎቶሎ ጠራኝ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ ነው ያናገረኝ። ጌሙ ሳይወጣ አንዲት ክፍል እንኳ ውጭ ከታየች እንደሚከሱኝ ነገረኝ። እንግዲያው ክሰሱኝ ብዬ ልብሴን ሰበሰብኩ። ቤት ሠሪዋ ማተሚያ ቤቱን ባዶውን ገልብጣ ሰጠችኝ፤ ተጠርጣሪ የለ፣ ምርጫ የለ፣ ቤቱ ብቻ። "ቤቱን ከንድፉ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እኔም እመሰክራለሁ" አለች። ሁለታችንም ወጣን። ጥበቃው ስልኬን ሲሰጠኝ ባትሪው ሞቶ ነበር።

ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሦስት ዳኞች አስቀምጧል። የድርጅቱ ጠበቃ ተቃወመ፣ ፍርድ ቤቱ ይታይ አለ። መጀመሪያ ቃልሽ ተነበበ። አዳራሹ ውስጥ ሰው ሲተነፍስ ይሰማ ነበር። ከዚያ መካከል ያሉት ዳኛ ጆይስቲኩን ራሴ ካልያዝኩ አሉ። መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ይዘውት ግድግዳ ይገጫሉ፣ መሬት መሬት ያያሉ፤ የሳቀ ግን የለም። እንደምንም በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ። ተነሥተው ቆሙ። ተመልሰው ተቀመጡ።

"በሩ የት ነው?" አሉ።

"ከዚያ ግድግዳ በስተኋላ ነው ክቡር ዳኛ" አልኩ።

ጆይስቲኩን በቀኝ ላሉት ዳኛ ሰጧቸው፣ እሳቸው ደግሞ በግራ ላሉት። ሦስቱም ተራ በተራ ተቀመጡበት።

ጠራዡን የምትናገረው አለ ወይ ሲሉት ጠረጴዛዬን ማየት እፈልጋለሁ አለ። ፈቀዱለት። ይዞት ስለማያውቅ ጆይስቲኩን እኔ ያዝኩለት፣ እሱ በጣቱ ይመራኛል። እውነትሽን ነው፣ ረጅም አይደለም። ጠረጴዛው ጋ አደረስኩት። "ሙጫው በግራ በኩል ነበር" አለኝ ቀስ ብሎ። ይቅርታ ጠየቅኩት። ከዚያ መቁረጫውን እንዳሳየው ምልክት ሰጠኝ። ጠጋ ብሎ አየው፣ ዙሪያውን አስዞረኝና በሁሉም በኩል አየው።

"መከለያውን ሳያደርጉለት ቤቱን አፈረሱት" አለ።

በዘጠነኛው ቀን ፍርዱ ተሰርዟል። ጠራዡ ከማረሚያ ቤት ሲወጣ እኔ አልሄድኩም፤ የእኔ ቦታ አልመሰለኝም። ወደዚያው ወደ እናንተ ከተማ እንደሄደ ሰምቻለሁ፣ የእህቱ ቤት አለ አሉ። የእኔን የጠየቅሽ እንደሆነ ሥራ የለኝም፣ የክስ ወረቀትም ደርሶኛል። ጌሙ በጌጣጌጥ ቤቱ ጉዳይ ተጀምሮ ይወጣል፤ ምክርሽን ሰምተዋል ማለት ነው። የተከራየሁት ክፍል መስኮቱ ይከፈታል። እስካሁን ግን እኔ ራሴ ዘግቼው ነው የምውለው። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ማሙሽ

ግንቦት 6

ማሙሽ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መስኮቱን ክፈት።

በአንዷ አጭር ወረቀትህ "ፈርተሽ ታውቂያለሽ ወይ?" ያልከውን ከዚህ በፊት ዘልዬው ነበር። እፈራ የነበረው አንድ ሰው ነው፤ እሱም መጣ።

ሮብ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ልብስ ሰፊዋ መስላኝ ዝም ብዬ ከፈትኩ። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። ያመጣችው እህቱ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆማ ነበር፣ አልቀረበችም። ግባ አልኩት። "ሰው ከኋላዬ ሊዘጋው የሚችል በር ገና አልገባም" አለኝ። ወንበር ላውጣልህ ስለው አልፈልግም አለ። እሱ ኮሪደሩ ላይ፣ እኔ ክራንቼን ተደግፌ ደፉ ላይ ቆምን።

ለዓመታት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ስንቱን ሌሊት ሳስተካክለው ያደርኩት። ከዚያ ሁሉ "በደልኩህ" ብቻ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ እሺ ሲል አይደለም፣ መስማቱን ሲነግረኝ ነው።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት" አለ። "እንዳላደረግኩ ያወቅሽው መቼ ነው?"

ብዋሽ አያውቅብኝም ነበር። ቃሌ ውስጥ ቀኑን አላስገባሁትም፣ የጠየቀኝም አልነበረም።

"ከፍርዱ በኋላ፣ በሰባተኛው ወር" አልኩት።

ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሲቆጥር አየሁት።

"እንግዲያው የመጀመሪያው ሰባት ወር ስህተት ነው" አለኝ። "እሱን ይቅር ብዬሻለሁ። የቀረው ያንቺ ነው።"

እህቱን በክንዷ ይዞ ደረጃውን ወረደ። ድምፃቸው እስኪጠፋ ቆሜ ሰማሁ፤ በዚህ ጆሮዬ እንኳ ሰማሁ።

ጠበቃዬ የአለቆች ግፊት ነበር፣ ልምድ አልነበራትም፣ ወንድሟን ለብቻዋ ታሳድግ ነበር ብለን እንከራከር ይላል። ሁሉም እውነት ነው፤ ሁሉም ደግሞ ለመጀመሪያው ሰባት ወር ብቻ የሚሆን ነው። ለሌላው አልከራከርም ብዬዋለሁ።

ችሎቴ ሰኞ ነው። አትምጣ አልልህም። ከመጣህ ግን በእኔ በኩል አትቀመጥ። እሱም ይመጣል አሉ፤ ሄደህ ከእሱ አጠገብ ተቀመጥ።

እትዬ